ለአንድ ዒድ ሁለት ሰሌዳ

በሆቴል ውስጥ የፈረቃ ሰሌዳ ለምናወጣ ሰዎች ከዓመቱ በዓላት ሁሉ ዒድ አልፈጥርን ያህል የሚፈትነን የለም። የመስቀልና የፋሲካ ቀን አስቀድሞ ይታወቃል፤ ዒድ ግን በረመዳን 29ኛ ቀን ምሽት ጨረቃ ከታየች በማግስቱ፣ ካልታየች ደግሞ ጾሙ 30 ሞልቶ አንድ ቀን ዘግይቶ ይውላል። ስለዚህ ለእነዚያ ቀናት ሁለት ሰሌዳ አዘጋጅቼ ከሳምንት በፊት እለጥፋለሁ፤ ለምሽቱ የሚቀረው የትኛው እንደጸና ማሳወቅ ብቻ ነው። ማስታወቂያው በቴሌግራም ቢላክም ለሌሊትና ለማለዳ ተረኞች ስልክ እደውላለሁ፤ መልእክት ተከፈተ ማለት ተነበበ ማለት እንዳልሆነ በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሁሉ ያውቀዋል።

ሙስሊም ባልደረቦች በገናና በፋሲካ፣ ክርስቲያኖች ደግሞ በዒድ አንዱ ለሌላው ተተክተው የሚሠሩበት መልካም ልማድ ሥራችንን ያቀልልናል። ሆኖም ቅያሪው በቃል ብቻ ሲቀር፣ ክፍያው ቤቱ በዋለው ሠራተኛ ስም ይመዘገብና የሠራው ሰው በወሩ መጨረሻ ከደመወዝ ክፍል ጋር ሲከራከር ይገኛል። ገንዘቡ ደግሞ የሚናቅ አይደለም፤ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የትርፍ ሰዓት ሥራ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከተሠራ የመደበኛው የሰዓት ክፍያ በ1.75፣ በሕዝብ በዓል ቀን ከተሠራ በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። በዚህ ምክንያት ሁለቱም ያልፈረሙበትን ቅያሪ አላጸድቅም።

ከክፍያው ይበልጥ የሚዘነጋው ዕረፍቱ ነው። ሌሊቱን ለባልደረባው ተተክቶ ያደረ ሠራተኛ በነባሩ ሰሌዳ በዚያው ጠዋት ተመድቦ ሊገኝ ይችላል፤ ተከታዮቹን ቀናት አብረን ካላስተካከልን በየሳምንቱ የሚገባው ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ሳይታወቅ ይበላል። ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትን አዋጁ ስለሚከለክል፣ እርሷ ፈቃደኛ ብትሆን እንኳ እንዲህ ያለውን ቅያሪ አልፈርምም።

የሰርቪስ ሾፌሩም የተለወጠው ዝርዝር ሊደርሰው ይገባል። ጀሞ የሚኖረውን ሠራተኛ ኮተቤ የሚኖረው ከተካው መንገዱ ከከተማው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ይዞራል፤ ይህን ሾፌሩ ከመነሣቱ በፊት ካላወቀ የማለዳው ፈረቃ ዘግይቶ ይገባል፣ ሌሊቱን የሠሩትም እስኪተኩ ድረስ ይቆያሉ።