«ክብደት ይቀንሱ» ብሎ ማሰናበት

ባሕር ዳር ውስጥ የደም ግፊትና የስኳር ሕሙማን ክትትል በሚደረግበት ክፍል በነርስነት ባሳለፍኳቸው የመጀመሪያ ዓመታት፣ ታካሚውን መዝኜ፣ ኪሎውን በሜትር ለተለካው ቁመቱ ካሬ አካፍዬ፣ ውጤቱ 30 ወይም ከዚያ በላይ፣ ማለትም ከልክ ያለፈ ውፍረት ሲሆን «ክብደት ይቀንሱ» ብዬ አሰናብት ነበር። ምክር የሰጠሁ ይመስለኝ ነበር።

ይህን ያስተወኝ የአንዲት እናት ጥያቄ ነው። «ሲስተር፣ እኔ ጾመኛ ነኝ፤ ሁዳዴን 55ቱንም ቀን ቅቤ አልቀምስም። ከምኑ ልቀንስ?» አሉኝ። ያን ጊዜ ወጡ እንዴት እንደሚሠራ ጠየቅኳቸው። ቁሌቱ በዘይት ይቁላላል፣ ዘይቱም ያለ ስፍር ከጀሪካኑ ይንቆረቆራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ያህል ኪሎ ካሎሪ ስላለው፣ ሥጋና ቅቤ ያልነካው የጾም ማዕድ ከፍስኩ የሚከብድበት ጊዜ አለ። ሽንኩርቱን በደረቁ እያማሰሉ፣ ሲይዝባቸውም ውሃ ጠብ እያደረጉ አብስለው፣ ዘይቱን በማንኪያ ሰፍረው እንዲጨምሩ ተስማማን።

የሚከብደው የመሶቡ ጉዳይ ነው። ከአንድ ትሪ ሲበላ ማን ምን ያህል እንጀራ እንደበላ አይታወቅም፤ ጉርሻን መመለስም ያስቀይማል። «ለብቻዎ ይብሉ» ማለት፣ በእኔ እምነት፣ ሰውን ከቤተሰቡ መነጠል ነው። ስለዚህ ትሪው ላይ ጎመኑና ምስሩ በርከት ብሎ ጭማሪ እንጀራው እንዲቀር እመክራለሁ፤ ወጥ የምትሠራዋን ልጅ ወይም ምራት በቀጠሮው ቀን ይዘው እንዲመጡም እለምናለሁ። ቆሮሶ የሚባለው የጣና ዓሣም ዘይት ውስጥ ገብቶ ከሚጠበስ በወጥ ቢሠራ ይሻላል፤ በጾም ዓሣ የሚበላም የማይበላም ስላለ ግን አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

ሁሉም ክብደት ስብ እንዳልሆነ መዘንጋት ደግሞ አደገኛ ነው። የልብ ድካም ያለበት ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ 2 ኪሎ ጨምሮ እግሩ ካበጠ፣ የጨመረው ውሃ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ኢንሱሊን የሚወስድ ታካሚም መድኃኒቱ ሳይስተካከል ምግብ ቢቀንስ ወይም ቢጾም ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ይችላል። ሚዛኑም አንድ ዓይነት፣ ሰዓቱም ተቀራራቢ መሆን አለበት፤ ጫማና ጋቢ ሳይወልቅ የተመዘነ ኪሎ ያሳስታል።

እኚያ እናት በቀጣዩ ቀጠሮ ከምራታቸው ጋር መጡ። የቀነሱት አንድ ኪሎ ብቻ ነበር። «ልጆቹ ወጡ ዘይት አነሰው ብለው ሁለት ቀን አጉረመረሙ» አለች ምራታቸው፤ «አሁን ግን ማንም አያነሣውም።»