ፍራሽ ሱቅ ውስጥ እንቅልፍ ሊወስደኝ ነበር

ዛሬ ደሴ ፒያሳ ፍራሽ ልገዛ ገብቼ ጫማዬን አውልቄ ተጋደምኩላችሁ። ሻጩ "ፖኬት ስፕሪንግ ነው" አለኝ፤ እያንዳንዱ ሞላ ለብቻው በጨርቅ ኪስ ስለተሰፋ አንዱ ሲጫኑት ጎረቤቱ ብዙም አይነቃነቅም። እውነቱን ነው። ልጄ ጫፉ ላይ ስትዘል እኔ ጋ እምብዛም አልተሰማኝም። ከላይ የበግ ሱፍና ጥጥ አለው፣ ላብ ይመጥጣል፣ ለደሴ ብርድም ይሞቃል (ይሄንንማ ባና ለብሶ ያደገ ሰው ማን ያስተምረዋል)። የኔ ስፖንጅ መሃሉ ጎድጉዶ ገንዳ ሆኗል፤ ባለቤቴ በተገላበጠች ቁጥር ተንሸራትቼ እላይዋ ነው የማርፈው።

አንድ ቅር ያለኝ፣ ጠርዙ ላይ ስቀመጥ ሰመጠ። ክብደቱም ጉድ ነው፣ የኛን ደረጃ ማን ያወጣዋል?

ዋጋውን ስሰማ ቀስ ብዬ ጫማዬን አጠለቅኩ። "አብሽር ወንድምዓለም፣ ቡና ጠጥተህ ተመለስ" አለኝ።

ቡናውን ጠጥቻለሁ።