በባዶ እጁ የሚቀልበው

ሌሊቱን ሙሉ ዕቃ ሳወርድ አድሬ ገባሁ። አውራ ጣቴ አብጦ የሻይ ብርጭቆ እንኳ መያዝ አቃተኝ። ይሄ ሁሉ ጓንት አድርጌ ነው። ብርጭቆውን በሁለት መዳፌ ደግፌ ፉት ስል፣ ሰሞኑን ታሪኩን ሳነብ የሰነበትኩት ሞሰስ ፍሊትውድ ዎከር ትዝ አለኝ።

ፍሊት እዚሁ ኦሃዮ የተወለደ ጥቁር የቤዝቦል ተጫዋች ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ከዘመኑ ትልልቅ ሊጎች በአንዱ ለቶሌዶ ቡድን ተሰልፏል። ሥራው ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ የተወረወረውን ኳስ መቅለብ ነበር። የዛሬ ቀላቢዎች እንደ ትራስ የወፈረ ጓንት አላቸው። እሱ ብዙውን ጊዜ በባዶ እጁ ነበር።

ቀላቢ ለወርዋሪው በጣቱ ምልክት ይሰጣል፤ ቀጥ ያለ ይምጣ ወይስ የሚታጠፍ። የቡድኑ ወርዋሪ ቶኒ ሙላን ግን ጥቁር ስለሚጠላ ምልክቱን ትቶ ደስ ያለውን ይወረውር ነበር። አንድ ቀን ፍሊት የሚታጠፍ ጠይቆት፣ ፈጣኑን ቀጥታ ለቀቀበት። ፍሊት ተነሥቶ ሄደና፣ ያለ ምልክት እቀልብልሃለሁ፤ ምልክት ሰጥቼህ የምትጥስ ከሆነ ግን አልቀልብም አለው። ከዚያ ወዲያ የውድድሩን ዘመን ምን እንደሚመጣበት ሳያውቅ ቀለበ። በእነዚያ ጣቶች!

ይህን ያወራው ራሱ ሙላን ነው፣ በ1919። አብረውት ከሠሩት ቀላቢዎች ሁሉ የሚበልጠው ፍሊት እንደነበርም መስክሯል። ሳነበው ደሜ ፈላ። ያኔውኑ ቢናገርለት ምን ነበረበት?

በዚያ ሊግ የተጫወተው 42 ጨዋታ ብቻ ነው። የጎድን አጥንቱ ተሰበረ፤ ዓመቱ ሳያልቅም አሰናበቱት። ወደ አነስተኛ ሊጎች ወርዶ በኒውአርክና በሲራክዩስ እስከ 1889 ገፋበት። በመሃሉ፣ በ1887፣ እሱ ይጫወትበት የነበረው የኢንተርናሽናል ሊግ ቡድኖች ከእንግዲህ ጥቁር አናስፈርምም ብለው ድምፅ ሰጥተዋል። ከእሱ በኋላ በዚያ ሊግ ጥቁር የተሰለፈው በ1946 ነው፤ ጃኪ ሮቢንሰን።

ፍሊት በ1924 አርፎ እዚሁ ኦሃዮ፣ ስቱበንቪል ከተማ ተቀበረ። በመቃብሩ ላይ ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ የቆመው በ1990፣ በኦበርሊን ኮሌጅ ሰዎች ነው። እሱም እዚያ ተምሮ ነበር። 66 ዓመት ያለ ስም!

ሐሙስ ዕረፍቴ ነው። ጣቴ መሪ መጨበጥ ከቻለ ስቱበንቪል ደርሼ እመጣለሁ።