333 ጆንያ ቡና በአንድ ትንሽ ፉርጎ

ፉርጎው አለቀ። ትናንት ማታ የመጨረሻውን ጆንያ በወረንጦ አስገብቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ጠረጴዛዬ ላይ አቆምኩት። ከጀመርኩት ስምንት ወር ሞላው። ከስምንቱ አምስቱን የበላው ጭነቱ ነው። ስለዚህ የዛሬው ወሬዬም ባብዛኛው ስለ ጭነት ነው።

ለአዲሶቹ ባጭሩ ልንገራችሁ። የምኖረው አቃቂ ነው። የምሠራው የድሮውን የጅቡቲ–አዲስ አበባ ምድር ባቡር የዕቃ ፉርጎዎች ነው፣ ከእውነተኛው 87 ጊዜ አሳንሼ። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ መዘርጋት ጀመረ፣ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ። በ1915 አቃቂ ገባ፣ አዲስ አበባ የደረሰው ግን በ1917 ነው። እንግዲህ ለሁለት ዓመት ያህል የዚያ ሁሉ መንገድ ጫፍ የኛ ሰፈር ነበር። ልጅ ሆኜ ይሄን አላውቅም ነበር። ካወቅኩ በኋላ ግን የድሮውን ጣቢያ ሳልፍ ቆም ብዬ ሳላየው አልሄድም።

የመረጥኩት ዘመን 1960ዎቹን ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። እንፋሎቱ ቀርቶ ናፍጣ ገብቷል፣ ኮንቴይነር ግን ገና አልመጣም። ዕቃ በሰው ትከሻ ይጫናል፣ በሰው ትከሻ ይራገፋል። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ቡና፣ ቆዳና ሌጦ፣ የቅባት እህል ነው። ወደ ላይ የሚመጣው ነዳጅ፣ ጨርቅ፣ ቆርቆሮ፣ ማሽን። ዘመኑን ቆርጣችሁ ስትይዙ ብዙ ነገር በራሱ መልስ ያገኛል። ዛሬ ገበያ የምናየው ነጭ የፕላስቲክ ማዳበሪያ በዚያ ፉርጎ ውስጥ ቦታ የለውም፤ የቡናው መያዣ የቃጫ ጆንያ ነው። በፉርጎው ጎን የድርጅቱን ስም በምህጻር መጻፍ የምትፈልጉም ዓመቱን አስቡበት። የፍራንኮ-ኢትዮጵያ ምድር ባቡር የሚለው ስም ቀርቶ የጅቡቲ-ኢትዮጵያ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው።

አሁን ስህተቴን ልናገር፣ ሌላ ሰው እንዳይደግመው። የአጎቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ አንድ ፓኬት ጎማና ጥቂት ሐዲድ አምጥቶልኝ ነበር። በሐዲዶቹ መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። በደስታ የመጀመሪያውን ፉርጎዬን በዚያ ላይ ሠራሁ። ስጨርስ የሆነ ነገር አልጥም አለኝ። ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ። ማስያ አውጥቼ 16.5ን በ87 ሳባዛ 1,435 ሚሊ ሜትር ገደማ መጣ። ይህ እኮ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው፣ በእንዶዴ በኩል የሚያልፈው የአዲሱ ባቡር ስፋት ነው! የድሮው ሐዲድ 1,000 ሚሊ ሜትር፣ ልክ አንድ ሜትር ነበር። ለ87 ሲካፈል 11.5 ይሆናል፤ ተሠርቶ ከሚሸጠው ለዚህ የሚቀርበው ባለ 12 ሚሊው ነው። የአራት ወር ሥራ በአንድ ማባዛት ወደቀ። ከመጀመራችሁ በፊት ይቺን አንዲት ሒሳብ ሥሩ።

ያው አንድ ሜትር ግን በኋላ ትልቅ ውለታ ዋለልኝ። የፉርጎ ዲዛይን የለኝም፣ ያለኝ የድሮ ፎቶ ነው። ፉርጎው ፊት ለፊት ከተነሳ ከሥሩ ሐዲዱ ይታያል፣ የሐዲዱ ስፋት ደግሞ ይታወቃል። ስለዚህ ፎቶው በራሱ ማስመሪያ ይዞ መጣ ማለት ነው። ሐዲዱን የምትለኩት ከፉርጎው ፊት ልክ ሥር ካለው ቦታ ይሁን፤ ወደ ኋላ ከሄዳችሁ እየጠበበ ስለሚሄድ ያሳስታችኋል። ከዚህ ወርዱንና ቁመቱን ታገኛላችሁ። ከዚያ ከጎን የተነሳ ፎቶ ፈልጉ። ቁመቱን አሁን ስለምታውቁት ርዝመቱን በሱ ትሰፍሩታላችሁ።

ስለ ገላው ብዙ አልልም። የጫማ ካርቶን፣ ቢዝነስ ካርድ፣ ስቴኪኒ፣ ኮላ፣ አዲስ የካተር ምላጭ፤ ይኸው ነው። የጣውላውን መስመር በደነዘዘ የካተር ጀርባ ጫን እያሉ ማስመር ይበቃል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አለኝ። ክረምት ላይ ካርቶን እርጥበት ይስባል፣ ይጎብጣል። ከመቀባታችሁ በፊት በውስጥም በውጭም ቫርኒሽ አጠጡት። በውጭ ብቻ ከሆነ በውስጥ በኩል ይጠጣና ጭራሽ ይብሳል። በሐምሌ የደረሰብኝ ይሄ ነው።

ወደ ጭነቱ ልምጣ።

የወጪ ንግድ ቡና በ60 ኪሎ ጆንያ ነው የሚሄደው። ፉርጎው 20 ቶን ይጭናል ብለን እንያዝ። 20,000 ለ60 ሲካፈል 333 ጆንያ። መጀመሪያ ሁሉንም ልሠራ ነበር ሐሳቤ። ሆኖም በሩ ሲከፈት የሚታየው የፊቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ከኋላ የካርቶን ሳጥን ደብቄ፣ ከፊት 46 ጆንያ ሠራሁ። ሒሳቡን ግን እወደዋለሁ፤ በሩን ባየሁ ቁጥር ከኋላ ሌሎቹ እንዳሉ ይሰማኛል።

ሞልቶ የተኛ ጆንያ ርዝመቱ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በኛ መጠን 10 ሚሊ፣ ከጤፍ ሳይሆን ከባቄላ ፍሬ ጋር የሚቀራረብ ነገር ነው። የበቆሎ ስታርችና ነጭ ኮላ ለውሼ፣ ሊጥ ሲመስል ድብልብል እያደረግኩ ጫን እላቸዋለሁ። ሳይደርቅ በላዩ የሴት ናይለን ካልሲ ዘርግቼ በጣቴ ስጫነው የጨርቁ ክር ሊጡ ላይ ይታተማል። የቁስል ፋሻ ሞክሬ ነበር፣ ክሩ ወፍራም ነው፤ 87 ጊዜ ስታበዙት ገመድ ይሆናል። ሲደርቅ በጥቁር ሻይ አጠጣዋለሁ። አንድ ጊዜ የጠጣው አዲስ ጆንያ ይመስላል፣ ሦስት ጊዜ የጠጣው ብዙ መንገድ የሄደ። እየቀላቀላችሁ አድርጉት።

የመጀመሪያዎቹን 30 ደርድሬ ሳበቃ ለአንድ ጎረቤቴ አሳየኋቸው። የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ፉርጎውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ረጅም ሰዓት አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ጡብ ነው» አሉኝ።

«ጆንያ ነው እኮ ጋሼ።»

«ጆንያ እንዲህ አይቆምም። ጆንያ ይተኛል። ከላይ ያለው ከታች ባሉት በሁለቱ መሃል ይገባል።»

ከዚያ ሁለት ትራስ ከሶፋው አንስተው ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡ፣ ሦስተኛውን በላያቸው በአግድም ጣሉት። መሃሉ ሰመጠ፣ ጫፎቹ ወደ ታች ተንጠለጠሉ። «አየህ?» አሉኝ። አየሁ። አንዱ ረድፍ በቁመት ከሆነ ቀጣዩ በአግድም ነው፤ እንደዚያ ካልተያያዘ ባቡሩ ሲንገጫገጭ ይናዳል። ደግሞ ሌላ ነገር ጨመሩልኝ። የጆንያው አፍ ወደ ውስጥ፣ ቂጡ ወደ ውጭ ነው የሚሆነው። በመንገድ ስፌቱ ቢላላ እህሉ እዚያው ጆንያዎቹ መሃል ይቀራል እንጂ ወለል ላይ አይፈስም። ጭነቱም በሩን ተደግፎ አይቆምም፤ ከተደገፈ በሩ ይነክስና ሲደርስ አልከፈት ይላል። እኔ የሁሉንም አፍ በኩራት ወደ ውጭ አድርጌ፣ ስፌቱን በመርፌ ጫፍ ስዬው ነበር።

ሠላሳዎቹን አወጣኋቸው። አዲሶቹን አንድ በአንድ ሳይሆን በቦታቸው ሠራኋቸው፤ የታችኛው ረድፍ ደርቆ የላይኛው ገና ሊጥ እያለ በላዩ ይጣላል፣ በራሱ ክብደትና በጣት ጫን ሲባል የታችኛውን ቅርጽ ይይዛል። ተሸካሚው የሚይዛቸውን ሁለቱን የጆንያ ጥጎች ደግሞ በወረንጦ ቆንጠጥ አደርጋለሁ። ይቺ ቁንጠጣ ብቻዋን ሊጡን ጆንያ ታደርገዋለች። ከሠራሁት ሁሉ ይሄን የሚያህል አላስደሰተኝም።

ጋሼን ይዣቸው ሳላበቃ ሌላም ጠየቅኳቸው። ፉርጎ ባዶ ይሁን ሙሉ በሩ ተዘግቶ እያለ በምን ያውቁ ነበር? «በባሌስትራው ነዋ» አሉ። ባዶ ሲሆን ባሌስትራው ጎበጥ ብሎ ይቆማል፣ ሲጫን ቀጥ እያለ ይሄዳል፣ ገላውም ወደ ጎማው ቀረብ ይላል። ቤት ገብቼ አሰላሁት። ሦስት ሳንቲ ሜትር ቢወርድ በኛ መጠን 0.34 ሚሊ ነው። የአንድ ቢዝነስ ካርድ ውፍረት። በገላውና በጎማው መሸከሚያ መሃል አንድ የካርድ ቁራጭ ነበረኝ፤ በምላጭ ፈልቅቄ አወጣሁት። ባሌስትራዎቹንም ቀና አድርጌ እንደገና ቆረጥኳቸው። ከዚያ ባዶውንና ሙሉውን ፉርጎ ጎን ለጎን አቆምኩ። ልዩነቱን በጣት ማሳየት አይቻልም፣ ግን አንዱ ከባድ ነው። ማንም ሰው አይቶ ይሄ ተጭኗል ይላል። እህቴን ጠይቄያት፣ ምንም ሳልነግራት ትክክለኛውን አነሳች።

ስለ እውነተኛው ክብደትም የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ። ርዝመቱ፣ ወርዱ፣ ቁመቱ እያንዳንዳቸው 87 ጊዜ ስላነሱ ክብደቱ በ87 ሦስት ጊዜ ይካፈላል። ያ 658,503 ነው። 20 ቶን ጭነት 30 ግራም ሆኖ ይመጣል። አንድ ጆንያ ደግሞ የአንድ ግራም አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ሠላሳ ግራሙን ከጎሚስታ ቤት ነው ያገኘሁት፤ ለጎማ ማመጣጠኛ የሚለጠፉት ቁርጥራጮች ግራማቸው ላያቸው ላይ ተጽፏል። አሮጌዎቹ ብዙ ጊዜ እርሳስ ናቸውና አትሞርዷቸው፣ ነክታችሁም እጃችሁን ታጠቡ። ፉርጎው አሁን ሐዲዱ ላይ ሲሄድ አይንቀጠቀጥም።

አቧራውን ልጨምርና ላብቃ። ብዙዎቻችን ቡናማ ቀለም ደፍተን አረጀ እንላለን። ፉርጎ ግን የሄደበትን አገር ይዞ ይመጣል። የኛ አቃቂ መረሬ ነው፤ ደርቆ ሲበን ግራጫ ይሆናል። ወደ መተሐራና አዋሽ ሲወርድ አፈሩ ፈካ ይላል። ስለዚህ ከታች፣ ከጎማው ዙሪያ፣ ከግቢዬ የወሰድኩትን መረሬ በካልሲ ነፍቼ በተን አደረግኩ። በላዩ ከናዝሬት የመጣልኝን ቀላ ያለ አፈር በደረቅ ብሩሽ አሻሸሁት። ዝገቱ ራሱ ዝገት ነው። የድስት መፈተጊያ የብረት ሽቦ አቼቶ ውስጥ ሦስት ቀን አቆይታችሁ፣ ውሃውን ብረት መሳይ ቦታዎች ላይ በቀጭን ብሩሽ ብትነኩት ሲደርቅ ብርቱካናማ ይሆናል። ካርቶኑ ቫርኒሽ ከሌለው ግን አትሞክሩት።

ቀጣዩ ፉርጎ ክፍት ነው፣ የነዳጅ በርሜል የሚጭን። የ200 ሊትር በርሜል ቁመቱ 88 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 58 ገደማ ነው፤ በኛ 10 ሚሊ በ6.7። ተራ ክብ እርሳስ 7 ሚሊ ስለሆነ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ፋቅ አድርጌ እቆርጠዋለሁ። ወገቡ ላይ ያሉትን ሁለት ቀለበቶች በስፌት ክር ጠምጥሜ በሱፐር ግሉ አስራቸዋለሁ። ክዳኑ ላይ ሁለት ቡሽ አለ፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፤ በመርፌ ጫፍ ቀለም ጠብ ማድረግ ይበቃል። 24 ያስፈልጉኛል፣ 17 ደርሰዋል።

ከዚያ በኋላ ቆርቆሮ አስቤያለሁ። የቆርቆሮ ሞገድ ከጫፍ ጫፍ 76 ሚሊ ነው፣ በኛ 0.87። የባለ 5 ሚሊ ብሎን ጥርስ በ0.8 ሚሊ ነው የሚሄደው። የሲጋራ ፓኮ ብር ወረቀት ብሎኑ ላይ አድርጌ በጥፍሬ ስፈትገው ሞገዱ ወጣ። አንድ ብሎን የሚያወጣው ጠባብ ስለሆነ አሁን ስድስት ብሎን ጎን ለጎን አሥሬ እየሞከርኩ ነው፤ ጥርሶቹ እኩል እንዲገጥሙ ማድረጉ ነው ያስቸገረኝ። ይሄን የሞከረ ካለ አሠራሩን ያሳየኝ። ደግሞ በቤታችሁ አልበም ውስጥ በርሜል ወይም ቆርቆሮ የጫነ ክፍት ፉርጎ ያለበት ፎቶ ካለ፣ ሰዎቹን ሳይሆን ከኋላቸው ያለውን ፉርጎ ብቻ ብታነሱልኝ ይበቃኛል። ጭነቱ በምን እንደታሰረ፣ በሰንሰለት ይሁን በገመድ፣ ማየት እፈልጋለሁ።