ከወልቂጤ ወዲያ፣ እንሰት የሚባዛበት ጓሮ

ከአዲስ አበባ በሰበታና በወሊሶ አድርጌ ወልቂጤ የገባሁት በጥር ነው፤ መንገዱ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወደ እምድብር ሲታለፍ ጀፎረው፣ ያ ሰፊ የሣር ጎዳና፣ ቤቶቹን በግራና በቀኝ አሰልፎ ይዘረጋል። እንሰቱ ከየቤቱ ጀርባ ነው። ጥርን የመረጥኩት እንሰት የሚባዛው በበጋ ስለሆነ ነው።

እንሰት እንደ ሙዝ ከሥሩ በራሱ ልጅ አይጥልም። ግንድ የሚመስለው የተደራረበ የቅጠል እግር ሲሆን እውነተኛው ግንድ ከመሬት ሥር ያለው አምቾ ነው። በአምቾው አናት መሐል ትንሽ የእድገት ጫፍ አለች። የእሷ ህዋሳት ያለማቋረጥ ይከፋፈላሉ፤ አዲስ ቅጠል ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከዚሁ አካባቢ ወደ ታች የሚወርደው ኦክሲን የተባለው ሆርሞን ሌላ ቡቃያ እንዳይነሳ ያግዳል። የገበሬው ጥበብ ይህችን ጫፍ ማስወገድ ነው።

ባየሁት ጓሮ አባወራው ሦስት ዓመት የሞላውን መረጡ፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለው ይሆናል። ከአምቾው በላይ ስንዝር ያህል አስቀርተው ቆረጡት። ከዚያ መሐሉን በጠባብ ቢላ ይፈለፍሉ ጀመር፤ የቅጠል ንብርብር ምልክት እስኪጠፋ አላቆሙም። ሥራው ሁሉ እዚህ ላይ ነው። የጫፏ ቅሬታ ከቀረ መሐሉ መልሶ ቅጠል ያወጣል፣ በዙሪያው የሚነሳውም ቡቃያ ጥቂት ይሆናል።

የተፈለፈለው አምቾ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ይቆያል። ከዚያ ጉድጓድ ገብቶ ቀዳዳው በአፈርና በፍግ ይሞላል፣ ከላይም ይሸፈናል። ውሃ ካቆረ ይበሰብሳል፤ በክረምት የማይሞከረው ለዚህ ነው። እገዳው ሲነሳ በቁስሉ ዙሪያ፣ የአምቾው ውጨኛ ክፍልና መሐለኛው በሚጋጠሙበት አካባቢ፣ ሥራቸውን ወስነው የነበሩ ህዋሳት እንደገና መከፋፈል ይጀምራሉ፤ ቡቃያ የሚሆኑትም እነሱ ናቸው። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ቀድሞ ቡቃያ ካልነበረበት ቦታ ሙሉ ተክል ይወጣል።

ቡቃያው በሁለት ሦስት ወር አፈር ሰንጥቆ ይታያል። ከአንድ አምቾ ከ50 እስከ 100 የተለመደ ነው፤ ከዚያም ያለፈ አለ። አምቾውን ለሁለት ወይም ለአራት የሚከፍሉም አሉ፤ ግን ለእያንዳንዱ ቡቃያ የሚደርሰው የምግብ ክምችት ስለሚያንስ እኔ ሙሉውን እመርጣለሁ። ቡቃያዎቹ ዓመት ያህል ከእናታቸው ጋር ቆይተው ይነጠላሉ፣ ርቀታቸው እየሰፋም ደጋግመው ይዛወራሉ።

ትልቁ ስጋት አጠውልግ ነው። ይህን የባክቴሪያ በሽታ ተመራማሪዎች በእንሰት ላይ የመዘገቡት እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በ1968 እ.ኤ.አ. ነበር። ከተክል ወደ ተክል በቢላ ይዛመታል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ አምቾ በኋላ ቢላውን በእሳት መለብለብ ወይም በበረኪና ማጠብ ግድ ነው። የታመመ እናት ቡቃያ ጤነኛ መስሎ ሊሸጥ ስለሚችል ችግኝ የሚገዛ ሰው አምቾው የተነቀለበትን ጓሮ ቢያይ ይሻላል፦ መሐለኛው ቅጠል የጠወለገበት፣ ሲቆረጥም ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ የሚያወጣ እንሰት ካለ ከዚያ ጓሮ አይግዛ።