ጥፋቱ የኬብሉ፣ ስሙ የቦርዱ

ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት፣ ለአንድ ካፌ የድሮ ጌሞችን የምታጫውት ትንሽ ኮምፒውተር እንዲሠራ ታዘዘ። የካፌው ባለቤት የጠየቁት ብዙ አልነበረም፤ አራት ልጆች አብረው የሚጫወቱባት፣ ቴሌቪዥኑ ሥር የምትደበቅ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ራሷ የምትነሳ ትሁን አሉ። ቦርዱ 4 ጊጋ ራም ያለው ራስበሪ ፓይ 4 (በአንድ ትንሽ ቦርድ ላይ ያለች ሙሉ ኮምፒውተር)፣ ሶፍትዌሩ የድሮ ጌም ማጫወቻው ሬትሮፓይ ሆነ። ይህ ቦርድ እስከ መጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ድረስ ያሉትን ጌሞች ያለ ችግር ያጫውታል። ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ግን ይንገዳገዳል፤ ደንበኛው ይህን ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሊነገረው ይገባል።

ጥገና ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሁሉም አልጋ በአልጋ ነበር። ካፌው በገባች በማግስቱ ስልክ ተደወለ።

«ኧረ ይቺ ነገርህ ልጆቹን አጣላችብኝ! ልክ ሊያሸንፉ ሲሉ ቀጥ ትላለች።»

«አብሽሩ ሐጂ፣ ልጁን አሁኑኑ እልክልዎታለሁ።»

ረዳቱ ሄዶ ሚሞሪ ካርዱን ቀየረ፤ ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ ጫነ። ለአንድ ጌም ያህል ሠራች። ሁለተኛው ላይ ድምፁ መጎተት ጀመረ፣ ሦስተኛው ጆይስቲክ ጠፋ፣ ከዚያ ስክሪኑ ቆመ። ቦርዱ ተበላሽቷል ተባለና አዲስ ከአዲስ አበባ ሊታዘዝ ምንም አልቀረም። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሚመጣ ዕቃ ደግሞ «አልሆነም» ተብሎ ለመመለስ ጣጣው ብዙ ነው፤ ዋናው ባለሙያ ትእዛዙን ያስቆመው ለዚህ ነው። የቮልት መለኪያውን ቴስተር ይዞ ራሱ ሄደ።

መጀመሪያ የለካው ቻርጀሩን ነበር፤ 5.1 ቮልት፣ ምንም አይወጣለትም። ቀጥሎ ቦርዱ ጋ የደረሰውን ቮልት ለማየት ወደ ቦርዱ ፒኖች (ሽቦ የሚሰካባቸው የተደረደሩ ጥፍሮች) ሄደ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 5 ቮልቱ ያለው 2ኛና 4ኛው ፒን ላይ ነው፤ 6ኛው ግራውንድ (የኃይሉ መመለሻ) ነው። የቴስተሩ ሹል ጫፍ አንሸራቶ 5 ቮልቱን ከአጠገቡ ካለው የ3.3 ቮልት ፒን ጋር ካገናኘው፣ ደህናው ቦርድ ያኔ በእውነት ይበላሻል። ስለዚህ ባለሙያው ሴቴ ጫፍ ያላቸውን ሁለት ሽቦዎች 4ኛውና 6ኛው ፒን ላይ ሰክቶ የለካው በሽቦዎቹ ሌላ ጫፍ ነው። ጌም ሳይጀመር፣ ኮምፒውተሯ ሜኑ ላይ እያለች፣ 4.58 አነበበ። ልጆቹ አራቱንም ጆይስቲክ ይዘው ጌሙ ሲጀመር 4.31 ወረደ። ራስበሪ ፓይ ከ4.63 ቮልት በታች ሲደርሰው ኃይል እንዳነሰው ይመዘግባል፤ ፕሮሰሰሩም ፍጥነቱን ይቀንሳል። ለካ ነገሩ ወዲህ ነው! ቻርጀሩ የሰጠው 5.1፣ ቦርዱ የደረሰው 4.31፤ መሐል ያለው ኬብል ብቻ ነው።

የካፌው ሶኬት ከቴሌቪዥኑ ስለሚርቅ ረዳቱ የጠረጴዛውን አጭርና ወፍራም ኬብል አስቀርቶ ሁለት ሜትር የሆነ ቀጭን የስልክ ኬብል ገዝቶ ነበር። በላዩ የተጻፈው የሽቦ ቁጥር 28 ብቻ ነው። ይህ ቁጥር ሲያድግ ሽቦው ይቀጥናል። 28 ቁጥር የመዳብ ሽቦ በሜትር 0.21 ኦም ገደማ አለው፤ ሁለት ሜትር ሄዶ ሁለት ሜትር ሲመለስ 0.85 ይሆናል። አንድ አምፔር ሲያልፍበት 0.85 ቮልት እዚያው ሽቦው ላይ ቀረ ማለት ነው። ባንጻሩ አንድ ሜትር የሆነ 20 ቁጥር ኬብል በሁለት አምፔር እንኳ የሚበላው 0.13 ቮልት ብቻ ነው። ብዙ ኬብሎች ላይ 28 እና 24 አብረው ይጻፋሉ፤ 28ቱ የዳታው፣ 24ቱ የኃይሉ ሽቦ ነው። ለዚህ ሥራ የኃይሉ ሽቦ 22 ወይም 20 ይሁን፣ ርዝመቱም ከአንድ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ሶኬቱ ከራቀ መርዘም ያለበት የ220 ቮልቱ ማከፋፈያ ነው እንጂ የ5 ቮልቱ ገመድ አይደለም። ካፌው ውስጥ የተደረገውም ይኸው ነው፤ ማከፋፈያው ቴሌቪዥኑ ሥር ድረስ ተሳበ፣ አጭሩ ኬብል ተመለሰ፣ ፒኑ ላይ 4.97 ተነበበ። ልጆቹ የቆመውን ጌም እንደ አዲስ ሲጀምሩ ባለሙያው ገና ሽቦውን አልነቀለም ነበር።

ቻርጀር ላይ ብዙ ሰው የሚሸወደው በዋቱ ነው። «18 ዋት» የሚል የስልክ ቻርጀር 18 ዋቱን የሚሰጠው በ9 ቮልት 2 አምፔር ነው፤ በ5 ቮልት አንዳንዱ ከ2 አምፔር አያልፍም። ራስበሪ ፓይ 4 ደግሞ የሚያውቀው 5 ቮልትን ብቻ ነው፣ 3 አምፔር ይፈልጋል። ስለዚህ ጀርባው ላይ ያለው ደቃቅ ጽሑፍ ይነበብ፤ «5 ቮልት 3 አምፔር» የሚል መስመር ከሌለው ይቅር። ራስበሪ ፓይ 5 የሚፈልገው 5 አምፔር ነው፤ 3 አምፔር ቻርጀር ከተሰካበት ይነሳል፣ ግን ለዩኤስቢዎቹ በሙሉ የሚተወው 600 ሚሊአምፔር ነው። በ4ኛው ላይ አራቱ የዩኤስቢ ቀዳዳዎች የሚካፈሉት 1.2 አምፔር ነው። አራት ባለገመድ ጆይስቲክ ይችላል። በላዩ ላይ ስፒከርና ጌጥ መብራት መጨመር ግን ችግር መለመን ነው።

ኃይል ማነሱን ያለ ቴስተርም ማወቅ ይቻላል። ስክሪኑ ጥግ ላይ የመብረቅ ምልክት ብልጭ ካለ ነገሩ ግልጽ ነው፤ በአዳዲስ ሲስተሞች ላይ ግን ምልክቱ ላይታይ ስለሚችል በተርሚናል (ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) የትሮትል ሁኔታን፣ ማለትም ኃይል አንሶት ፍጥነት መቀነሱን፣ መጠየቅ ይሻላል። መልሱ ዜሮ ከሆነ ሰላም ነው። 50005 ካለ አሁንም ኃይል አንሶታል፤ 50000 ካለ ለጊዜው ደህና ሆኖ ከተነሳ ወዲህ ግን አንሶት ነበር። ረዳቱ ካርዱን ከመቀየሩ በፊት ይህን ቢጠይቅ ኖሮ መንገዱ ያጥር ነበር።

ካርዱ ራሱ ንጹሕ ነው ማለት ግን አይደለም። 128 ጊጋ ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ ግን 8 ወይም 16 የሆነ ሚሞሪ ገበያው ላይ አለ። እስኪሞላ ድረስ እሺ ይላል፣ ከዚያ የቀድሞውን ያበላሻል። በዊንዶውስ «ኤች2ቴስትደብሊው»፣ በሊኑክስ «ኤፍ3» የሚባሉት ፕሮግራሞች ሙሉውን ጽፎ መልሶ በማንበብ ያጋልጡታል። ሰዓታት ይወስዳል፤ ማታ ተጀምሮ ቢታደር ነው። ለዚህ ሥራ «ኤ1» የሚል ምልክት ያለው 32 ወይም 64 ጊጋ ካርድ በቂ ነው። የተሠራው ካርድ ኢሜጅ (ሙሉ ቅጂው) ጥገና ቤቱ ውስጥ ይቀመጥ፤ ጌሙ ሴቭ እያደረገ ሳለ መብራት ከሄደ ካርዱ ሊበላሽ ስለሚችል፣ ደንበኛው ሲደውል በደቂቃዎች መልሶ መጻፍ ይቻላል። ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ) ቢኖር ደግሞ የተሻለ ነው፤ ለኮምፒውተሯ ብቻ እንጂ ለቴሌቪዥኑ አይሁን፣ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሰዋል።

ሣጥኗ ከቺፑድ የተሠራች ነበረች፣ ዙሪያዋን ግጥም ያለች። ፕሮሰሰሩ 80 ዲግሪ ሲደርስ ፍጥነቱን መቀነስ ስለሚጀምር ከታች የአየር መግቢያ፣ ከላይ ከኋላ መውጫ ተበሳላትና 40 ሚሊ ሜትር ፋን ገባ። ፋኑ ከ5 ቮልቱ ይልቅ 3.3ቱ ላይ ሲሰካ ድምፁ ይቀንሳል፤ ፒኑ ግን ለትንሽ ፋን ብቻ ነው የሚሆነው። ቀዳዳው ወደ ቡና ማሽኑ እንፋሎት እንዳይዞር ተደረገ። ቺፑድ በጅማ ክረምት ውኃ ከነካው ያብጣል፤ የተቆረጠው ጠርዝ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ይቀባ።

ሐጂ በመጨረሻ መጋዘን የከረመውን ባለትልቅ ሆድ ቴሌቪዥን አምጥተው «በዚህ ይሁንልኝ» አሉ። የድሮ ጌም በእርግጥ ያምርበታል። ከቦርዱ የድምፅ ቀዳዳ ምስሉም ይወጣል፤ ሲስተሙ ላይ የቲቪ ምስል መውጫው ተከፍቶ ፓል የሚባለው የቲቪ ምስል ዓይነት ይመረጣል። ወጥመዱ እዚህም ኬብሉ ነው። ቦርዱ ላይ የሚሰካው ጃክ በቀለበት የተለያዩ አራት ክፍሎች አሉት፤ የራስበሪ ፓይ አደራደር ከጫፍ ሲቆጠር ግራ ድምፅ፣ ቀኝ ድምፅ፣ ግራውንድ፣ ምስል ነው። የቪዲዮ ካሜራ ኬብሎች መልካቸው አንድ ሆኖ አንዳንዶቹ ግራውንዱን አራተኛው ላይ ያደርጉታል። ሱቅ ውስጥ ቴስተሩ ድምፅ ላይ ይደረግና አንዱ ጫፍ የቢጫው ጃክ የውጭ ቆርቆሮ ላይ፣ ሌላው ቦርዱ ላይ በሚሰካው ጃክ አራት ክፍሎች ላይ ይሂድ። ሦስተኛው ላይ ከጮኸ ይገዛል፤ አራተኛው ላይ ከጮኸ ለባለሱቁ ይመለሳል።