መዝገበ ቃላት ያዘጋጀሁት እንዲህ ነው

ለተማሪዎች የሚሆን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሳዘጋጅ፣ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ፍቺ መጻፉ አይደለም። ምሳሌ መሰብሰቡ ነው። ከጋዜጣ፣ ከልብ ወለድ፣ ከመማሪያ መጻሕፍት፣ ሰው ሲያወራ ከሰማሁትም ሳይቀር ዓረፍተ ነገር ለቀምኩ። ከየት እንዳገኘሁትና መቼ እንደሆነ አብሬ መዘገብኩ። «ይህን ቃል እኮ አውቀዋለሁ» ብሎ ዝም ብሎ መጻፍ ያጓጓል። ግን ወዲያው ትዝ የሚለን አንድ ሁለት ትርጉም ብቻ ነው።

«ቆረጠ»ን እንይ። መጀመሪያ የሚታሰበን ቢላ ነው። የለቀምኩትን ስዘረግፈው ግን ትኬት የቆረጠ አለ፣ ለመሄድ የቆረጠ አለ፣ ሆዱን የቆረጠው አለ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ ሰበሰብኩ። እያንዳንዱ ክምር አንድ ፍቺ ሆነ። ይሄን ሥራ በጣም ነው የምወደው! «ተስፋ ቆረጠ»ን ግን ለብቻው አስገባሁት። ሁለቱን ቃላት ለየብቻ የሚያውቅ ሰው ትርጉሙን ከነሱ ደምሮ አይደርስበትም።

ፍቺውን ከጻፍኩ በኋላ እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ በቃሉ ቦታ እተካዋለሁ። ካልገጠመ እንደገና እጽፋለሁ። ፍቺ ከቃሉ መክበድም የለበትም። ሎንግማን የተባለው የእንግሊዝ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ፍቺዎቹን የጻፈው 2,000 ገደማ በሆኑ የተመረጡ ቃላት ነው። እኔም የራሴን ዝርዝር አበጀሁ። እጅ ያስራል። ግን «ደስታ ማለት ሐሤት፣ ሐሤት ማለት ደስታ» ከሚል አዙሪት ያወጣል።

ቃላቱን በፊደል ተራ መደርደሩም ቀላል አይደለም። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላታቸውን የደረደሩት በአበገደ፣ ማለትም «አ፣ በ፣ ገ፣ ደ» እያለ በሚሄደው የፊደል ተራ ነው። የኔ ተማሪ የለመደው ሀለሐመን ስለሆነ በዚያው ሄድኩ። «ፀሐይ»ን በ«ጸ» የሚፈልግም ባዶ እጁን እንዳይመለስ እዚያም አስገባሁት፤ ፍቺው ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ሌላው ወደዚያ ይመራል። «ቁራጭ»ንና «መቁረጫ»ን «ቆረጠ» ሥር መክተት ለምሁር ይመቸዋል። ተማሪ ግን ያየውን ቃል ነው የሚፈልገው። ስለዚህ በየፊደላቸው አስቀመጥኳቸው።

ልትሞክሩት ካሰባችሁ ከ«ሀ» አትጀምሩ። የአጻጻፍ ደንባችሁ የሚረጋው ብዙ ቃል ከሠራችሁ በኋላ ነው። እኔ ከ«ነ» ጀመርኩ። «ሀ»ን የጻፍኩት መጨረሻ ላይ፣ እጄ ከተፍታታ በኋላ ነው።